ኢአርሲፒ ተሠርቶላቸው ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚመለሱ ሕሙማን፦ በየትኛው ሰዓት ምኑን እንጠብቅ?

ጣናዳር ሐኪም፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር የውስጥ ደዌ ክፍል ነው የምሠራው። የሐሞት ቧንቧው በጠጠር፣ በጥበት ወይም በዕጢ የተዘጋበትን ሕመምተኛ ለኢአርሲፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎች የሚታዩበትና የሚታከሙበት ሥራ) ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። ሥራው አልቆ ሲመለስ ክትትሉ የኛ ነው፤ ሆዱን ሲቆርጠው፣ ትኩሳት ሲነሳበት ወይም ሰገራው ሲጠቁር የሚመጣው ወደኛ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ልምድ ያላችሁ በሦስት ነገር ብትረዱኝ። አንደኛ፣ ከኢአርሲፒ በኋላ ሆዴን አመመኝ የሚል ሰው የቆሽት ብግነት ይዞት ነው፣ አንጀቱ ተበስቶ ነው ወይስ የገባው አየር ነፍቶት ብቻ ነው ብሎ ለመለየት በየስንት ሰዓቱ ምን ይታያል? ሁለተኛ፣ ስቴንት (ቧንቧውን ክፍት የሚያደርግ ትንሽ ቱቦ) ገብቶለት የመጣውን ሰው እንዴት እንከታተለው? ሦስተኛ፣ ከመላካችን በፊት እዚሁ ልንጨርሰው የሚገባን ምንድን ነው?

ለመነሻ የሚሆን አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ፦ የ38 ዓመት ሴት፣ 60 ኪሎ። አልትራሳውንድ የሐሞት ከረጢት ጠጠር አሳይቷል፤ ዋናው የሐሞት ቧንቧ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቢሊሩቢን (ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው የሐሞት ቀለም) መደበኛ ነው፤ የጉበት ኢንዛይሞች ትንሽ ከፍ ብለዋል። ኢአርሲፒ ትላክ ወይ?

የጨጓራና ጉበት ሐኪም፦

ከሦስተኛው ጥያቄህ ልነሳ፤ የኢአርሲፒ ጉዳት በብዛት የሚወሰነው መሣሪያው አፍ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነውና።

ምሳሌ ያደረግሃት ሴት በቀጥታ ኢአርሲፒ መላክ የለባትም። ሴት ናት፣ ወጣት ናት፣ ቢሊሩቢኗ መደበኛ ነው፣ ቧንቧዋ አልሰፋም። አራቱም ለቆሽት ብግነት የሚያጋልጡ ናቸው፤ ሲደራረቡ ደግሞ ይብሳል። ጠጠር ቧንቧው ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ትንሽ የሆነባት ሴት፣ አደጋው ግን ትልቅ የሚሆንባት እሷው ናት። በቀጥታ የሚላከው ጠጠሩ ራሱ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ቧንቧው ውስጥ የታየበት፣ የሐሞት ቧንቧ ኢንፌክሽን የያዘው፣ ወይም ቢሊሩቢኑ በዴሲ ሊትር ከ4 ሚሊ ግራም አልፎ ቧንቧውም ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋበት ሰው ነው። ከዚያ በታች ያለው በኤምአርሲፒ (ቧንቧዎቹን ከውጭ በኤምአርአይ የሚያሳይ ምርመራ) ወይም በኢንዶስኮፒክ አልትራሳውንድ ይጣራ። ኤምአርሲፒ ቆሽትን አይነካም፤ ጠጠር የለም ካለ ሴትዮዋ የሐሞት ከረጢቷን አስወጥታ ትገላገላለች። «እስቲ ገብተን እንየው» ለማለት ብቻ የሚሠራ ኢአርሲፒ ዛሬ ቦታ የለውም።

መጠኑን በጥቅሉ እወቀው። ከመቶ ኢአርሲፒ ከ3 እስከ 10 በሚሆኑት የቆሽት ብግነት ይከተላል፤ ተጋላጭነቱ ከፍ ባለ ሰው ወደ 15 ይጠጋል። መድማት ከመቶ 1 ወይም 2 ነው። የሐሞት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከግማሽ እስከ 3 ይደርሳል። መበሳት ከመቶ ከ1 በታች ነው፤ ሞትም እንዲሁ ከመቶ ከ1 በታች ነው። ስለዚህ በብዛት የምታየው ቆሽት ነው፤ በቶሎ የሚገድልህ ግን መበሳትና ያልፈሰሰ መግል ነው።

ቆሽት ለምን ይቆጣል? የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎች አንጀት ላይ የሚከፈቱት ፓፒላ በምትባል አንዲት ትንሽ ጉብታ ነው። ፓፒላዋ በተነካካች ቁጥር ታብጣለች፤ ስታብጥ የቆሽት ፈሳሽ መውጫ ያጣል። ሽቦው ሳይታሰብ የቆሽት ቱቦ ሲገባ፣ ቀለሙ በግፊት ሲረጭበት፣ የመቁረጫው ሙቀት ሲያርፍበት ደግሞ ይባባሳል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች 5፣ 5፣ 1 የሚሉት፦ ፓፒላዋ ከ5 ጊዜ በላይ ከተነካች፣ ሙከራው ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም የቆሽት ቱቦ ሳይታሰብ ከ1 ጊዜ በላይ ከተገባበት መግቢያው «አስቸጋሪ» ይባላል። አስቸጋሪ የነበረበት ሰው በዚያው ቀን ከሆስፒታል መውጣት የለበትም።

መከላከያው በደንብ የታወቀ ነው። ኢንዶሜታሲን ወይም ዲክሎፌናክ 100 ሚሊ ግራም፣ ከሥራው ጥቂት ቀደም ብሎ በፊንጢጣ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 በ602 ተጋላጭ ሕሙማን ላይ የወጣው ጥናት በኢንዶሜታሲን ብግነቱ ከመቶ 16.9 ወደ 9.2 መውረዱን አሳይቷል፤ እዚያ መድኃኒቱ የተሰጠው ከሥራው በኋላ ወዲያው ነበር፣ ዛሬ ግን ማስቀደሙ ይመረጣል። ፋርማሲው 50 ሚሊ ግራም ብቻ ካለው ሁለት ይግባ። በመርፌ የሚሰጠው ዲክሎፌናክ ይህን አይተካም፤ ማስረጃው ያለው በፊንጢጣ ለሚገባው ነው። አለርጂ ላለበት፣ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ፣ የጨጓራ ቁስሉ ንቁ ለሆነ ሰው፣ እርግዝናዋ 30 ሳምንት ለደረሰ ሴት አይሰጥም። ይህን ከዚያው ከባሕር ዳር አጣርተህ ሪፈር ወረቀቱ ላይ ብትጽፈው የሚሠራው ሐኪም ጊዜ አያጠፋም፤ ክሬያቲኒን አብሮ ይላክ።

መድኃኒቱን መውሰድ የማይችል ሰው ሪንገር ላክቴት በብዛት ይሰጠዋል፦ በሥራው ጊዜ በኪሎ 3 ሚሊ ሊትር በሰዓት፣ እንደጨረሰ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ ለ8 ሰዓት በኪሎ 3 ሚሊ ሊትር በሰዓት። በ60 ኪሎ ስታሰላው በሰዓት 180፣ በአንድ ጊዜ 1,200፣ ከዚያ በ8 ሰዓት 1,440 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይህን አትሞክር።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የቆሽት ሕመም በብዛት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ እምብርት በላይ ይይዛል፣ ወደ ጀርባ ይወጋል፣ ማስመለስ ይከተለዋል። ከሥራው በኋላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ የተለካ አሚላዝ (የቆሽት ኢንዛይም) ከመደበኛው ጣሪያ ከአንድ ተኩል እጥፍ በታች፣ ወይም ሌላው የቆሽት ኢንዛይም ሊፔዝ ከ4 እጥፍ በታች ከሆነ ብግነት የመከተሉ ዕድል በጣም ትንሽ ነው፤ ሰውየው ሊወጣ ይችላል። ብግነት ነው የምትለው አዲስ የሆድ ሕመም ሲኖር፣ ከ24 ሰዓት በኋላ አሚላዝ ቢያንስ 3 እጥፍ ሲሆን፣ በዚያም ምክንያት ሰውየው መተኛት ወይም የመተኛ ጊዜውን ማራዘም ሲያስፈልገው ነው። ሕመም ሳይኖር አሚላዝ ብቻ ከፍ ማለቱ ከኢአርሲፒ በኋላ የተለመደ ስለሆነ ወረቀት አይተህ ሰው አታስተኛ።

ሕክምናው ላይ አንድ ስህተት በብዛት ይሠራል። ያ ከላይ የጻፍኩት ብዙ ፈሳሽ ለመከላከያ ነው። ብግነቱ አንዴ ከጀመረ ግን መጠኑ ይቀንሳል፦ ፈሳሽ ካነሰው በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር በሰዓት። ለ60 ኪሎ ሰው 600 ከዚያም በሰዓት 90 ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት ፈሳሽ ያበዙት ሕሙማን ከመቶ 20.5 የፈሳሽ መብዛት ሲደርስባቸው፣ በመጠኑ የወሰዱት ላይ 6.3 ብቻ ሆኗል፤ የብግነቱ መክፋት ላይ ደግሞ ጥቅም አልታየም። ሽንት በኪሎ ግማሽ ሚሊ ሊትር በሰዓት መውጣቱን፣ ሄማቶክሪትና ዩሪያ ከፍ አለማለታቸውን ተከታተል። ሕመሙን በበቂ አስታግስ። መብላት ከቻለ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀላል ነገር ይጀምር፤ ለቀናት ማስራብ አይጠቅመውም። ኢንፌክሽን ሳይኖር አንቲባዮቲክ አትጀምር።

የሆድ ቀዶ ሐኪም፦

ከላይ ስለ ቆሽት የተጻፈው በቂ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ መበሳትና ስለ ደም ነው።

የመበሳት ሕመም አይጠብቅም፤ ሰውየው ከሰመመን ሲነቃ ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። የልብ ምቱ ከሕመሙ በላይ ይሮጣል። አንገቱን ወይም ደረቱን በጣትህ ስትጫን ቆዳው ሥር አየር ሲንኮሻኮሽ ከተሰማህ ሌላ ምርመራ ሳትጠብቅ ተበስቷል ብለህ ተነሳ። ብዙ ጊዜ የሚበሳው ከሆድ ዕቃው ጀርባ ባለው ቦታ ስለሆነ ሆዱ ለስላሳ ሊመስልህ ይችላል፤ የቆመ የደረት ራጅም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ካለ በአፍና በደም ሥር ቀለም የተሰጠበት ሲቲ ስካን በዚያው ሰዓት ይነሳ። አሚላዝ ከፍ ብሎ «ቆሽት ነው» ተብሎ 12 ሰዓት የሚታለፈው መበሳት ነው ሰው የሚገድለው፤ በመበሳትም አሚላዝ ይወጣል።

ዓይነቱን ስታፕፈር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው አከፋፈል እንለየዋለን። አንደኛው የመሣሪያው ጫፍ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ግድግዳን ሲበሳ ነው፤ ቀዳዳው ትልቅ ነው፣ ይፈሳል፣ እዚያው በክሊፕ ካልተዘጋ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ሁለተኛው ፓፒላው ሲቆረጥ ከመጠን ሲያልፍ ነው፤ ብዙው ያለ ቀዶ ይድናል። ሦስተኛው ሽቦ ወይም ቅርጫት ቧንቧውን ሲበሳ ነው፤ ሐሞቱ በስቴንት እንዲፈስ ከተደረገ ይዘጋል። አራተኛው ከሆድ ዕቃ ጀርባ አየር ብቻ መታየቱ ነው፤ ሰውየው ደኅና ከሆነ አየሩን አታክመው። ቀዶ ለማያስፈልገው፦ አፍ ይዘጋ፣ በአፍንጫ ቱቦ ይግባ፣ ሰፊ አንቲባዮቲክ ይጀመር፣ በየ4 ሰዓቱ አንድ ሐኪም ሆዱን ይንካ። አንድ ሐኪም ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ እጅ በተቀያየረ ቁጥር ለውጡ ይጠፋል። ትኩሳት፣ የሆድ መድረቅ ወይም በሲቲ ስካን የፈሳሽ መከማቸት ከታየ አይዘገይም፤ ወደ ቀዶ ክፍል ነው።

ወደ ደም እንምጣ። ፓፒላ ተቆርጦባቸው ከሚደሙት ሰዎች ግማሾቹ የሚደሙት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በኋላ ነው፤ እስከ 2 ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል። እናንተ ዘንድ ሰገራው ጠቁሮ የሚመጣው ይህ ነው። «ኢአርሲፒ ከተሠራልኝ 9 ቀኔ ነው» ያለ ሰው ጥቁር ሰገራ ቢኖረው ጨጓራ ቁስል ከማለትህ በፊት ፓፒላውን አስብ። ሁለት ትልልቅ የደም ሥር መስመሮች፣ የደም ዓይነት፣ ሄሞግሎቢን፣ አይኤንአር (ደም የሚረጋበት ፍጥነት ልኬት)፣ ፕሌትሌት (ደም አርጊ ሕዋሳት)። ተራው ኢንዶስኮፕ ፊት ለፊት ስለሚያይ ፓፒላውን በደንብ ላያሳይ ይችላል፤ ወደ ጎን የሚያይ መሣሪያ ያስፈልጋል። የተለመደው ሕክምና አድሬናሊን 1 ለ10,000 ተቀጥኖ በዙሪያው መወጋት፣ ባሉን ነፍቶ መጫን፣ ክሊፕ፣ እምቢ ሲል ሙሉ ሽፋን ያለው የብረት ስቴንት ነው።

ይህ ደም በአብዛኛው ቀድሞ የሚከለከል ነው፤ እዚህ ላይ ባሕር ዳር ያለው ሐኪም ትልቁን ሥራ ይሠራል። ሐሞት አንጀት ካልገባ ቫይታሚን ኬ አይመጠጥም፤ ለሳምንታት ቢጫ የሆነ ሰው አይኤንአሩ ይወጣል። 10 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ በደም ሥር ቀስ ብሎ ይሰጥና በማግስቱ ይለካ። አይኤንአር ከ1.5 በታች፣ ፕሌትሌት ከ50,000 በላይ ሆኖ ይሂድ። ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ከ5 ቀን በፊት ይቁም። ክሎፒዶግሬል የልብ ሐኪሙ ከፈቀደ ከ5 እስከ 7 ቀን በፊት ይቁም። አስፕሪንን ግን አታቁሙ፤ ለመቁረጥ አያግድም።

የኢንዶስኮፒ ነርስ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ስቴንት ላስረዳ።

ከሁሉ በፊት የትኛው ቱቦ ውስጥ እንደገባ እወቁ። ቆሽቱን ለመከላከል የገባ ስቴንት ቀጭን ነው፣ በብዛት 5 ፍሬንች፣ ማለትም 1.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረትና ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው። ይህ በራሱ ወድቆ በሰገራ እንዲወጣ ነው የሚፈለገው። ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ አንድ ተራ የሆድ ራጅ አንሱለት፤ ይህን ለማድረግ አዲስ አበባ መመለስ የለበትም፣ ባሕር ዳር ይበቃል። ራጁ ላይ አሁንም ካለ በኢንዶስኮፕ ይወጣ፤ ከቆየ ራሱ የቆሽት ቱቦን ይጎዳል።

የሐሞት ቧንቧ ፕላስቲክ ስቴንት ደግሞ ከ7 እስከ 10 ፍሬንች ነው። ውስጡ የባክቴሪያ ንፍጥና የሐሞት አተላ ስለሚጠራቀምበት በ3 ወር ውስጥ መውጣት ወይም መቀየር አለበት። ሕመምተኛው ቢጫነቱ ስለጠፋለት ዳንኩ ብሎ ይቀራል፤ ከዚያ በ4ኛ ወይም በ5ኛ ወሩ ብርድ ብርድ እያለው ይመጣል። ስለዚህ ቀኑን በካርዱ ላይ ብቻ ሳይሆን በቤተሰቡም ስልክ ላይ አስጽፉ፤ ከዘመን አቆጣጠሩ ጋር፣ ምክንያቱም ሪፖርቱ በፈረንጅ ቀን ተጽፎ ቤተሰቡ በእኛ ሲቆጥር ወሩ ይምታታል። የብረት ስቴንት ለካንሰር ከገባ እዚያው ይቀራል፤ ካንሰር ላልሆነ ጥበት የገባው ሙሉ ሽፋን ያለው ግን መውጫ ቀን አለው።

አልትራሳውንድ የሚያነሳው ባለሙያ «በጉበት የሐሞት ቱቦዎች ውስጥ አየር አለ» ብሎ ቢጽፍ አትደንግጡ። ፓፒላ ከተቆረጠ ወይም ስቴንት ካለ አየር ወደ ላይ መውጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ መንገዱ ክፍት መሆኑንም ይጠቁማል። የሚያሰጋው ተቃራኒው ነው፦ አየሩ ጠፍቶ ቱቦዎቹ ሲሰፉ፣ ስቴንቱ ተዘግቷል ወይም ተንሸራቷል።

ትኩሳት ሲመጣ ሌላም ነገር አስቡ። የኢአርሲፒ መሣሪያ ጫፉ ላይ ዕቃውን ወደ ላይ የሚያነሳ ትንሽ ክንፍ አለው፤ ከክንፉ ጀርባ ያለው ጠባብ ክፍተት ለማጽዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በዚህ ምክንያት መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ከሰው ወደ ሰው መተላለፋቸውን አስጠንቅቋል። መሣሪያው ከሕመምተኛው እንደወጣ እዚያው አልጋው አጠገብ ይጠረጋል፣ ይሳባል፤ ቀዳዳ እንዳለው ውሃ ውስጥ ተነክሮ በአየር ግፊት ይፈተሻል፤ ክንፉ ከፍና ዝቅ እየተደረገ በብሩሽ ይታጠባል፤ ከዚያ ነው ወደ መድኃኒቱ የሚገባው። በ2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ ቢያንስ 20 ደቂቃ። በብሩሽ ሳይታጠብ የተነከረ መሣሪያ ንጹሕ አይደለም፤ የደረቀ ሐሞት መድኃኒቱን አያሳልፍም። መጨረሻ በአልኮልና በአየር ይደርቅና ቀጥ ብሎ ይሰቀላል። እናንተ ማድረግ የምትችሉት፣ ከኢአርሲፒ በኋላ የሚያተኩሰውን ሰው አንቲባዮቲክ ከመጀመራችሁ በፊት የደም ካልቸር (ባክቴሪያው በቅሎ እንዲለይ የሚላክ ደም) መውሰድና ያልተለመደ ባክቴሪያ ከወጣ ለሠራው ማዕከል መንገር ነው።

ሪፖርቱን ሳይዝ የመጣ ሰው ካለ ደውላችሁ አምጡ። የሚያስፈልጋችሁ፦ ፓፒላ ተቆርጧል ወይስ በባሉን ተዘርግቷል፣ መግቢያው አስቸጋሪ ነበር ወይ፣ የቆሽት ቱቦ ተገብቶበታል ወይ፣ ጠጠሩ ሁሉ ወጥቷል ወይስ ቀርቷል፣ የስቴንቱ ቦታ፣ ዓይነት፣ ውፍረት፣ ርዝመት፣ የሚወጣበት ቀን። ጠጠር ቀርቶ ስቴንት ያልገባለት ሰው ካጋጠማችሁ ኢንፌክሽን እየመጣ ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ጣናዳር ሐኪም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ የአካባቢያችን ነገር ልጨምር። በጣና ዳርቻ፣ በዘጌም ሆነ በሌሎች የሐይቁ ቀበሌዎች ቢልሃርዝያ አለ፤ የአንጀት ትላትልም እንደዚሁ። ይህ ለኢአርሲፒ የሚቀይረው ነገር አለ?

የጨጓራና ጉበት ሐኪም፦

አዎ፣ ሁለቱም ይቀይራሉ፤ መጠየቅህ ትክክል ነው።

ለዓመታት የኖረ የአንጀት ቢልሃርዝያ ወደ ጉበት የሚገባውን የደም ሥር ያጠነክራል። ጣፊያ ያብጣል፣ ፕሌትሌት ይወርዳል፣ በጉሮሮ ቧንቧ ላይ የደም ሥሮች ይነፋሉ። እንዲህ ያለው ሰው ጉበቱ ራሱ ደኅና ሊሠራ ስለሚችል የጉበት ምርመራ ወረቀቱ አያስጠረጥርም። ከመላክህ በፊት ጣፊያውን ዳስሰው፣ ፕሌትሌቱን ቁጠር፣ አልትራሳውንዱ ላይ የጣፊያ ልክና የደም ሥሩ ስፋት እንዲጻፍ ጠይቅ፣ ደም አስመልሶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቀው። እነዚህ ካሉ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጻፈው። የሚሠራው ሰው ፓፒላውን ከመቁረጥ ይልቅ ስቴንት ብቻ ማስገባት ወይም በጥንቃቄ በባሉን መዘርጋት ሊመርጥ ይችላል፤ ባሉኑ ደግሞ የቆሽት አደጋን ስለሚጨምር ምርጫው ቀላል አይደለም፣ ለዚህ ነው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት።

ወስፋት ሐሞት ቧንቧ ሲገባ በአልትራሳውንድ ረጅም፣ ጥላ የሌለው፣ አንዳንዴም የሚንቀሳቀስ መስመር ሆኖ ይታያል። ጠጠር ግን ጥላ ይጥላል። ጫፉ ከፓፒላ የወጣውን ወስፋት በመቆንጠጫ ይዞ ማውጣት ይቻላል። እዚህ ላይ ፓፒላን በሰፊው መቁረጥ አይመከርም፤ ወስፋት በበዛበት አካባቢ በሩ ከተከፈተ ሌላው ይገባል። አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይሰጥ፤ ቧንቧው ውስጥ የሞተው ወስፋት ግን ቀርቶ የጠጠር መነሻ ስለሚሆን፣ ከሳምንታት በኋላ አልትራሳውንድ ድገም።

የሕመምተኛ ልጅ፦

ይቅርታ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስታወሩ አንብቤ ነው። አባቴ ዕድሜው 67 ነው፣ ሐሙስ ዕለት አዲስ አበባ ይህ ነገር ይሠራለታል። ዐርብ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ባሕር ዳር ብንመለስ ችግር አለው? ጾመኛ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጸበል ይጠጣል፤ ምን እናድርግ?

የኢንዶስኮፒ ነርስ፦

እንኳን ጠየቁ። ዐርብ ጠዋት አይሳፈሩ። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሆዱ ዓባይ በረሃ ላይ ቢነሳበት ጎሐ ጽዮንም ደጀንም ከደረሳችሁ በኋላ ሲቲ ስካን ያለበት ቦታ ለማግኘት ሰዓታት ይፈጃል። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ከሆስፒታሉ አቅራቢያ እደሩ፤ ሐኪሙ መግቢያው አስቸጋሪ ነበር ካላችሁ ደግሞ እሱ እስኪፈቅድ ቆዩ። አውሮፕላኑ አጭር ቢሆንም መበሳት የተጠረጠረበት ሰው አይበርም፤ የታመቀ አየር ከፍታ ላይ ይሰፋል።

ከሥራው በፊት ምግብ ከ8 ሰዓት በፊት ያቁም፤ እንጀራም፣ አጥሚትም፣ ወተትም ምግብ ናቸው። ንጹሕ ውሃ እስከ 2 ሰዓት በፊት ይቻላል፤ ጸበሉም ጥርት ያለ ከሆነ እንደ ውሃ ነው። እምነት የተበጠበጠበት ከሆነ ግን አይሆንም፤ በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ የወሰደው የባህል መድኃኒት ካለ ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር፤ ማንም አይቆጣውም፤ አንዳንዱ ሥር ጉበትን ስለሚጎዳ የደም ምርመራውን ለመረዳት ያስፈልጋል። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው ይያዙ።

ከሥራው በኋላ በደንብ ነቅቶ ሕመም ከሌለው ሐኪሙ ሲፈቅድ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ቀጭን አጥሚት ወይም ሾርባ ይውሰድ፤ ጮማና ቅቤ ይቆየው። ጠላም አረቄም አይቅመስ። ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወስዱት እየበረታ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ጥቁር ወይም ደም ያለው ሰገራ፣ የአንገት ማበጥ፣ ቢጫነቱ እንደገና መምጣት ናቸው። ጉሮሮው ቢያሳክከውና ሆዱ ትንሽ ቢነፋ በአንድ ቀን ይለቀዋል።

ጣናዳር ሐኪም፦

የመጨረሻ ጥያቄ ነው። የሐሞት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞት የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ሲመጣ፣ ለኢአርሲፒ በአምቡላንስ መላክ ነው ወይስ እዚሁ መያዝ?

የሆድ ቀዶ ሐኪም፦

ግፊቱ ወርዶ የመጣ ሰው ቧንቧው በ12 ሰዓት ውስጥ መፍሰስ አለበት፤ የሚጠየቀው በምን ይፍሰስ ነው። መጀመሪያ የደም ካልቸር ወስደህ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ አስጀምር፤ ፈሳሽ ስጥ፤ ግፊቱ ካልተነሳ ኖርአድሬናሊን አስጀምር፤ ቫይታሚን ኬ ስጥ። በዚያው ሰዓት ቀዶ ሐኪሙንና ራዲዮሎጂስቱን ጥራ። በቆዳ በኩል በአልትራሳውንድ እየታየ በጉበት ውስጥ ባለው የሰፋ ቱቦ ቀጭን ቱቦ የሚያስገባ ሰው ካለ ያ ይቀድማል። ከሌለ ቧንቧውን ከፍቶ ቲ-ቱብ (ሐሞቱን ወደ ውጭ የሚያፈስ ቱቦ) ብቻ መተው ነው፤ በዚያ ሰዓት ጠጠር ሁሉ ይውጣ ብሎ መታገል አያስፈልግም፣ መግሉ ይፍሰስና ሕመምተኛው ይትረፍ፣ ጠጠሩ በኋላ በኢአርሲፒ ይወጣል። ግፊቱ ሳይረጋ 10 ሰዓት መንገድ ላይ መጫን ሰውን ይገድላል። ግፊቱ ደኅና ሆኖ በአንቲባዮቲክ ትኩሳቱ እየቀነሰ ያለው ሰው ግን ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ እሱን ከነሐኪሙ ስልክ፣ ከነካልቸሩ ውጤትና አንቲባዮቲኩ ከተጀመረበት ሰዓት ጋር ላከው።